እንግዳ ሞተረኛ ወይስ አር/አር? የእንግሊዝ ስፒድዌይ ሊግ ክርክር

ባለአራት_ዙር፦
ሰላም ለቤቱ። የእንግሊዝን የስፒድዌይ (በአፈር ሜዳ የሚደረግ የሞተር ብስክሌት ውድድር) ሊግ ውጤት የምትከታተሉ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሰኞ ለአንዱ ክለብ የነዳ ሞተረኛ ሐሙስ የሌላ ክለብ ሰደርያ ለብሶ ይመጣል፤ ከስሙ አጠገብ «እንግዳ» ተብሎ ይጻፋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በኳስ ብናስበው የአርሰናል አጥቂ ለአንድ ማታ ለቼልሲ ተሰልፎ ጎል አግብቶ እንደመመለስ ነው። ይሄ እንዴት ተፈቀደ? ክለቡ ለምን ከራሱ ተቀያሪ አያስገባም? ደግሞ አንዳንዴ እንግዳ ሳይጠራ «አር/አር» ተብሎ ይታለፋል። መቼ የትኛው ይሻላል?

ቀይ_አፈር፦
ከተቀያሪው እንጀምር፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። የስፒድዌይ ክለብ የኳስ ክለብ ያለው ዓይነት ወንበር የለውም። በእንግሊዝ አንድ ቡድን 7 ሰው ነው፣ አለቀ። ከ1 እስከ 5 ዋናዎቹ፣ 6 እና 7 ተጠባባቂዎቹ። ተጠባባቂ ስንል ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚያይ አይደለም፤ እሱም በየጨዋታው ይነዳል፣ ሁለተኛው ሂት የተጠባባቂዎቹ ነው።

ለአዲስ አንባቢ፦ አንድ ሂት ማለት አራት ሞተረኞች፣ ከየቡድኑ ሁለት ሁለት፣ አራት ዙር ወደ ግራ እየታጠፉ የሚነዱት ነው። አንደኛ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1፣ አራተኛ ባዶ። 15 ሂት አለ፤ በየሂቱ 6 ነጥብ ስለሚከፋፈል በጠቅላላው 90 ነው። ስለዚህ 46 የያዘ አሸነፈ።

አሁን ከሰባቱ አንዱ ትከሻውን ሰበረ እንበል። ክለቡ ስምንተኛ ደመወዝተኛ አላስቀመጠም። ቢፈልግም የቡድን ግንባታ ጣሪያ አለ፦ የሞተረኞቹ አማካይ ነጥብ ሲደመር ሊጉ ከወሰነው ቁጥር ማለፍ የለበትም። በዚህ ላይ ያው ሞተረኛ ፖላንድ ውስጥ ዓርብ ወይም እሑድ፣ ስዊድን ማክሰኞ፣ ዴንማርክ ረቡዕ ይነዳል። የእንግሊዙ ፕሪሚየርሺፕ ሰኞና ሐሙስን የያዘው ይሄን ሁሉ ለመሸሽ ነው። ያም ሆኖ የብሔራዊ ቡድን ጥሪ አለ፣ የግራንድ ፕሪ (የዓለም ሻምፒዮና) ልምምድ አለ፣ በዝናብ የተላለፈ ጨዋታ አለ። ሰው መጉደሉ አይቀርም። ያኔ እንግዳ ይጠራል።

ማስያ፦
ግን ያገኙት ሰው ሁሉ አይጠራም፤ ቁልፉ አማካይ ነው። እንግዳው የሚተካውን ሰው አማካይ ያክላል ወይም ከእሱ ያንሳል እንጂ መብለጥ የለበትም።

አማካዩ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ነጥብ ሲደመር ቦነስ፣ ሲካፈል ለነዳቸው ሂቶች፣ ሲባዛ በ4። ቦነስ የሚሰጠው የቡድን ጓደኛህን ተከትለህ፣ ተቃራኒ ሞተረኛ ደግሞ ከኋላህ ትተህ ስትጨርስ ነው። ውጤት ላይ 9+1 ተብሎ ካያችሁ 9 ነጥብና 1 ቦነስ ማለት ነው።

ምሳሌ፦ አንድ ሞተረኛ በ24 ሂት 46 ነጥብና 4 ቦነስ አመጣ። 50 ለ24 ሲካፈል 2.083፣ በ4 ሲባዛ 8.33። ይሄ ሰው አማካዩ 8.40 የሆነውን መተካት ይችላል። 8.32 የሆነውን ግን አይችልም። በአንድ መቶኛ ይቀራል፣ «ትንሽ ናት» ብሎ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። አማካዩ ቦነስን ይጨምራል፣ የጨዋታው ሰሌዳ ግን ቦነስ አያውቅም። ሁለት ሞተረኞች እኩል 8.00 ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ግን ሩቡን ያገኘው ከጓደኛው ኋላ እየጨረሰ ነው። እንግዳ ስትመርጥ ቦነሱ ጥቂት የሆነውን ውሰድ። በወረቀት እኩል ናቸው፣ በሰሌዳ አይደሉም።

ባለአራት_ዙር፦
አማካዩን ከየት ነው የሚያዩት? በየሳምንቱ ይለወጣል?

ማስያ፦
ሊጉ ራሱ በየጊዜው ያወጣዋል። ደጋፊው «አረንጓዴው ወረቀት» ይለዋል። ዝርዝሩ ከተወሰነ ቀን ጀምሮ ነው የሚጸናው፤ ቡድን መሪዎችን የሚያስቸግራቸውም ያ ቀን ነው። ዛሬ በ8.10 የተስማማህለት እንግዳ ጨዋታው በሚደረግበት ቀን አዲሱ ወረቀት ወጥቶ 8.45 ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ የሚታየው የጨዋታው ቀን አማካይ ነው፣ ስልክ የተደወለበት ቀን አይደለም።

ሌላው ወጥመድ ሁለቱ ሊጎች ናቸው። ብዙዎቹ በላይኛው ሊግ በፕሪሚየርሺፕም በታችኛው በቻምፒዮንሺፕም ይነዳሉ፤ በየሊጉ የተለያየ አማካይ አላቸው። በታችኛው 9 ያለው ሰው በላይኛው 9 አይደለም፣ ተለውጦና ተቀንሶ ነው የሚያዘው። የተሳሳተውን ዓምድ አንብቦ ሰው የጠራ ቡድን መሪ ምሽቱን ከዳኛው ጋር በክርክር ያሳልፋል።

ስታዲየም_በር፦
ስሌቱን ተዉትና ዋናውን እንናገር። ይሄ ነገር የስፖርቱን ክብር ይጎዳል። ደጋፊ ከልጅነቱ የሚጠላው ሞተረኛ በአንድ ማታ የእሱን ክለብ ቀለም ለብሶ ሲመጣ ምን ብሎ ይጩህለት? ይባስ ብሎ በፕሌይኦፍ ጊዜ። ዓመቱን ሙሉ የለፋ ቡድን በመጨረሻዋ ማታ የጎረቤት ሰው ይዞ ዋንጫ ሲወስድ ዋንጫው የማን ነው?

ቀይ_አፈር፦
@ስታዲየም_በር ቅሬታህን አልነቅፍም፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ሲጨቃጨቁበት ስንት ዘመን ሆኗቸዋል። ግን አማራጩን ተመልከት። እንግዳ ከሌለ ቁጥር 1 የተሰበረበት ክለብ በስድስት ሰው ይወጣል። ባለሜዳው 60 ለ30 ያሸንፋል። ስድስተኛው ሂት ላይ ያለቀ ጨዋታ ለማየት በሚቀጥለው ሳምንት ትኬት የሚገዛ ማን ነው? እነዚህ ክለቦች ከቴሌቪዥን ብዙ አያገኙም፤ የሚኖሩት በበሩ በሚገባ ሰው ነው። የእንግዳ ሕግ የተያዘው ለፍትሕ ብቻ ሳይሆን ለበሩም ነው።

ስታዲየም_በር፦
ለበሩ ከሆነማ ሰውየው ለበሩ ነው የሚነዳው፣ ለክለቡ አይደለም። ያልኩት ያንኑ ነው።

ማስያ፦
ወደ አር/አር ልመለስ፣ ጥያቄው ስላልተመለሰ። አር/አር (ራይደር ሪፕሌስመንት) ማለት የጎደለው ሰው ስሙ በወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ሂቶቹን ግን የራሱ ቡድን ጓደኞች ይከፋፈሉታል። አንድ ሰው ከእሱ ሂቶች አንዱን ብቻ ነው የሚወስደው።

ቡድን እንሥራ። ቁጥር 1 (8.40) የለም። የቀሩት 7.60፣ 6.80፣ 6.00፣ 5.20፣ ተጠባባቂዎቹ 4.00 እና 3.20። የጎደሉትን አራት ሂቶች ላይኞቹ አራቱ ቢወስዱ በየሂቱ የሚጠበቀው አማካያቸው ለ4 ተካፍሎ ነው፦ 1.90፣ 1.70፣ 1.50፣ 1.30። ድምሩ 6.40። አማካዩ 8.00 የሆነ እንግዳ ብታመጣ በወረቀት 8.00 ይሰጥሃል። ስለዚህ እንግዳ በ1.60 ይበልጣል።

ግን በወረቀት ነው። እንግዳው ያንን 8.00 ያገኘው ግማሹን በራሱ ሜዳ ነው። በማያዘወትረው ሜዳ አንድ ተኩል ቢወርድ 6.50 ሆነ። አሁን ጨዋታው ያንተ ሜዳ ላይ ከሆነ የራስህ ልጆች ደግሞ ከአማካያቸው በላይ ይነዳሉ። እያንዳንዳቸው በሂት 0.20 ቢጨምሩ 6.40 የነበረው 7.20 ይሆናል። አር/አር አሸነፈ፣ ለእንግዳም አልከፈልክም። ስለዚህ የእኔ ደንብ፦ በሜዳህ አር/አር፣ በሰው ሜዳ እንግዳ። እንግዳውም ያንን ሜዳ የሚወድ ይሁን።

ተጠባባቂ_7፦
@ማስያ ጥሩ ነው፣ ግን ስሌትህ አንድ ቦታ ያነክሳል። ላይኞቹን አራቱን እንደፈለግህ መደልደል አትችልም። ቁጥር 1 በተለመደው ሰሌዳ መጀመሪያው ሂት ላይ ከቁጥር 2 ጋር ነው፣ በ13ኛው ሂት ደግሞ ከቁጥር 5 ጋር። ቁጥር 2 በመጀመሪያው ሂት ቀድሞ አለበት፣ ራሱን መተካት አይችልም። ቁጥር 5ም በ13ኛው እንዲሁ። ስለዚህ ጠንካራው ሰውህ ቁጥር 5 ከሆነ የሚወስደው ሂት ከ13ኛው ውጪ መሆን አለበት፤ ተቃራኒው ሁለቱን ምርጦቹን በሚያሰልፍበት በ13ኛው ላይ ከቁጥር 5 ጎን የምታቆመው ሁለተኛ ደረጃ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ 5 ለ1 የሚበላው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ 15ኛውን ሂት ረሳኸው። እዚያ ቡድን መሪው የፈለጋቸውን ሁለት ይመርጣል። እንግዳ ካለህ በዚያ ማታ ጥሩ ከነዳ ትመርጠዋለህ። በአር/አር ግን የለም፣ የሌለ ሰው አይመረጥም። 43 ለ41 እየመራህ 15ኛ ሂት ስትገባ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ማስያ፦
ትክክል። 13ኛውን ከጨመርን 7.20 ወደ 7 ይወርዳል። አሁንም በሜዳ ከእንግዳው ይበልጣል፣ ግን በጠባብ።

ተጠባባቂ_7፦
በሦስተኛ ደግሞ አደጋው። 15 ሂት በሁለት ሰው 30 ንዳት ነው። በስድስት ሰው ስትወጣ ለእያንዳንዱ 5 ይደርሳል። ሦስተኛው ሂት ላይ አንዱ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር አምስት ቀሩ፣ ሸክሙ ሁሉ ተጠባባቂዎቹ ላይ ወደቀ። ተጠባባቂ ከ7 ንዳት በላይ አይፈቀድለትም፣ ሞተሩም ሰውየውም ተከታታይ ሂት ላይ ይግላል። አር/አር ሁለተኛ ጉዳት አይችልም። ሜዳው ከዝናብ በኋላ የቦረቦረ ከሆነ ስሌቱን ተውና እንግዳ ጥራ።

የግራ_እግር፦
ሁላችሁም እንግዳውን ቁጥር አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ሰውየው ከመኪናው ሲወርድ ምን እንደሚገጥመው ልጻፍ፣ «አንድ ተኩል ይወርዳል» የተባለው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሞተሩ 500 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ሜታኖል የሚጠጣ ነው። ፍሬን የለውም፣ የሚቀያየር ማርሽም የለውም። ስለዚህ ለሜዳው የሚስማማውን ፍጥነት የምትመርጠው የሰንሰለቱን ጥርስ በመቀየር ነው። የፑል ከተማ ሜዳ ዙሩ ወደ 300 ሜትር ነው፣ የሼፊልድ ወደ 360 ሜትር። ትንሹ ሜዳ ላይ ቀጥታው አጭር ስለሆነ ከኩርባው ቶሎ የሚያስወጣ ይፈለጋል፤ የኋላው ጥርስ ይበዛል። ትልቁ ሜዳ ላይ የኋላውን ጥርስ ትቀንሳለህ፣ ካልሆነ ቀጥታው መሐል ላይ ሞተሩ መጮህ እንጂ መሄድ ያቆማል። አንድ ጥርስ ስህተት ብዙ ነው። በትልቅ ሜዳ የለመደ ሰው ያለበትን ሳይቀይር ትንሽ ሜዳ ቢወጣ ከመነሻው ሦስት ሞተር ኋላ ቀርቶ ይጀምራል፤ በስፒድዌይ ደግሞ መጀመሪያው ኩርባ ላይ የቀደመ አብዛኛውን ጊዜ ይጨርሳል።

የሜዳው ባለቤቶች ይሄንን በልባቸው ያውቁታል። እንግዳው አያውቅም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያደርገው የማታ ጓደኞቹን መጠየቅ ነው፦ ስንት ጥርስ፣ የትኛው መነሻ ቦታ ይነሣል፣ አፈሩ የት ተከምሯል። ጓደኞቹ እውነቱን ይነግሩታል? አብዛኞቹ አዎ። ግን የሚቀጥለው ሳምንት ተቃራኒያቸው መሆኑንም አይረሱትም።

ከዚያ ፍሪሲዮን። በስፒድዌይ ጅማሮ ሁሉ ፍሪሲዮን ነው። ቀይ አፈሩ ደረቅና ጠንካራ ሲሆን በቀስታ መልቀቅ አለብህ፣ ጎማው ባዶውን እንዳይሽከረከር። እርጥብና ወፍራም ሲሆን ጨክነህ ትለቃለህ፣ ያኔ ደግሞ የፊቱ ጎማ ይነሣል። ለዚህ የመጀመሪያው ንዳቱ ልምምድ ነው ማለት ይቻላል። ከአራት ንዳት አንዱን በልምምድ ካጠፋህ አማካይህ ወረደ። ምስጢሩ ይሄው ነው።

ባለአራት_ዙር፦
ሞተሩን ራሱ ያመጣል ወይስ ክለቡ ያበድረዋል?

የግራ_እግር፦
የራሱን። ሁለት ሙሉ ሞተር፣ ትርፍ ጎማ፣ ጥርሶች፣ ሰንሰለት፣ የፍሪሲዮን ሳህኖች፣ ካንዴላ፣ ዘይትና ሜታኖል፣ ቢያንስ አንድ መካኒክ። በፖላንድና በእንግሊዝ መካከል የሚመላለሱት በየአገሩ የተለየ ዕቃ ያስቀምጣሉ፤ ሰውየው በአውሮፕላን ይመጣል፣ ሞተሮቹን መካኒኩ በቫን ያደርሳል። ክለቡ የሚሰጠው ሰደርያውንና የራስ ቁር ቀለም መሸፈኛውን ነው።

ቀለሙ ቀላል ይመስላል፣ ግን እንግዳ የሚያጠፋው እዚህም አለ። ባለሜዳው ቡድን ቀይና ሰማያዊ፣ ከሌላ ሜዳ የመጣው ቡድን ነጭና ቢጫ። ቀይ ለብሶ የለመደ ሰው ነጩን መሸፈኛ ፒት (ሞተሮቹ የሚዘጋጁበት ቦታ) ውስጥ ረስቶ ይወጣል፣ ሊያመጣ ሲመለስ የሁለት ደቂቃው ሰዓት ያልቃል፣ ዳኛው ከሂቱ ያስወጣዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ቸኩሎ የመነሻውን ክር ይነካል። ክር የነካ ወይ ይወጣል ወይ 15 ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ይነሣል። ከ15 ሜትር ኋላ ተነሥቶ ነጥብ ማምጣት የሚችለው በጣም ጥቂት ሰው ነው።

ዘጠኝ_ሲደመር_አንድ፦
አንድ ጥያቄ ለማስያ። እንግዳው ያመጣው ነጥብ በራሱ አማካይ ላይ ይቆጠራል?

ማስያ፦
አይቆጠርም። ለማታው ቡድን ሰሌዳ ይቆጠራል፣ ለራሱ አማካይ ግን የሚያዘው ለራሱ ክለብ የነዳው ነው።

ዘጠኝ_ሲደመር_አንድ፦
ይሄን የጠየቅሁት ለነገር ነው። ቦነስ የተፈጠረው ሞተረኛ ከጓደኛው ጋር እንዲነዳ ነው፦ አንተ ፊት ከሆንክ ተቃራኒውን ወደ ውጭ እየገፋህ ጓደኛህን በውስጥ ታሳልፈዋለህ፣ 5 ለ1 ይሆናል። ጓደኛህ ላይ ተናደህ ብታልፈው ግን ለቡድኑ አንድም ነጥብ አልጨመርክም። ይሄ ሥራ መተዋወቅ ይፈልጋል፤ ጓደኛህ ከኩርባው ሲወጣ ሰፋ ይላል ወይስ ነጩን መስመር ይዞ ይቀራል የሚለውን ሳታይ ማወቅ አለብህ። እንግዳው አያውቅም። ፊት ከሆነ ይሄዳል፣ ኋላ ከሆነ ያሳድዳል፣ ለጓደኛው ቦታ ሲተው ብዙ አይታይም። የሚከፈለውም በነጥብ ነው። እንግዶች ብዙ 3 ያመጣሉ፣ ሂቱ ግን 3 ለ3 ያልቃል። ሰሌዳው ላይ የእንግዳውን 11 ነጥብ አይታችሁ አትደነቁ፤ ከእሱ ጋር የነዳው ልጅ ስንት እንዳመጣ ቁጠሩ።

ስታዲየም_በር፦
በመጨረሻ አንድ ሰው ገባው።

ቪስቱላ፦
ከፖላንድ በኩል ልጨምር፣ ስለ እንግሊዝ ብቻ ስለሆነ። የፖላንዱ ከፍተኛ ሊግ ኤክስትራሊጋ በመደበኛው ጊዜ እንግዳ የሚባል ነገር አያውቅም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በኮሮና ሰሞን ከታችኛው ሊግ ሞተረኛ ማስመጣት ተፈቅዶ ነበር፤ ያኔ አንድ ሰው ቢታመም ቡድኑ ሊበተን ስለሚችል ነው። እንግሊዝ በዚያው ዓመት ሊጉን ጭራሽ አላካሄደችም።

ፖላንዶች እንግዳ የማይፈልጉት ደግ ስለሆኑ አይደለም፣ ገንዘብ ስላላቸው ነው። ክለቦቻቸው ሰፊ ቡድን ያስቀምጣሉ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት አገር በቀል ልጆችን ማሰለፍ ግዴታ ስለሆነም ከሥር የሚያሳድጉት አላቸው። ዋናው ሰው ሲጎዳ የእንግሊዙን አር/አር የሚመስል ደንብ አላቸው። እንግሊዝ ያንን ልቅዳ ብትል ስምንተኛና ዘጠነኛ ሰው ማን ይከፍላል?

ቀይ_አፈር፦
ለዚያ ነው የእንግሊዙ ፕሪሚየርሺፕ ከጥቂት ዓመት ወዲህ «ራይዚንግ ስታር» የሚለውን ቦታ የፈጠረው፤ በየቡድኑ አንድ የብሪታንያ ወጣት በተጠባባቂ ቦታ እንዲነዳ ነው። ከታች በኩል ጥሩ ሥራ ነው። ለጎደለ ቁጥር 1 ግን መፍትሔ አይሆንም፣ 8 አማካይ ያለው ሰው ከዛፍ አይለቀምም።

ባለአራት_ዙር፦
እሺ፣ ቡድን መሪ ብሆን እሑድ ማታ ቁጥር 1 ተጎዳ ተብሎ ቢደወልልኝ፣ ሰኞ ጨዋታ አለኝ። በቅደም ተከተል ምን ላድርግ?

ተጠባባቂ_7፦
መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት። ያለ ምክንያት እንግዳ አይፈቀድም፤ «ደክሞታል» ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ የሰኞውን አማካይ አይተህ ከተጎዳው ሰው አማካይ የማይበልጡትን ጻፍ። ከዚያ ዝርዝር የሰኞ ጨዋታ ያላቸውን ክለቦች ሰዎች ሰርዝ፣ ግማሹ ይጠፋል። ከቀሩት ያንን ሜዳ የሚያውቁትን ለይ፦ ድሮ ለዚያ ክለብ የነዳ ወይም በሌላው ሊግ በዚያ ሜዳ የሚነዳ ካለ ከአማካዩ ግማሽ ነጥብ ቢያንስም እሱን እመርጣለሁ። ከመደወልህ በፊት ቫኑ የት እንዳለ መካኒኩን ጠይቅ፤ ሰውየው እንግሊዝ ሆኖ ሞተሩ ስዊድን ከሆነ ምን ይጠቅምሃል? የክለቡን ፈቃድ አግኝ፣ ለሊጉ አሳውቅ፣ ማረጋገጫውን በጽሑፍ ያዝ።

ይሄ ሁሉ እስከ ሰኞ ረፋድ ካልተሳካ ወደ አር/አር። ያኔ ከጨዋታው በፊት ተቀምጠህ የ13ኛውን ሂት ሰው አስቀድመህ ወስን፣ የቀሩትን ሦስቱን ከእሱ ወደ ኋላ ደልድል። ብዙዎች ከመጀመሪያው ሂት ይጀምሩና 13ኛው ላይ ሰው ያልቅባቸዋል።

ማስያ፦
ደንቡ በየክረምቱ በክለቦቹ ስብሰባ ይነካካል፤ የአምናውን ይዘህ እንዳትከራከር። የዘንድሮውን ገጽ አትምና ኪስህ ውስጥ ያዝ።

ስታዲየም_በር፦
እና እኔ ሰኞ ማታ ለማን ልጩህ?

የግራ_እግር፦
@ስታዲየም_በር ለነጩ መሸፈኛ። ካልረሳው።